መጨረሻው ስንኝ ላይ ያለው ጩኸት

«ይኸ እኔ አይደለሁም» አለ ዲያቆኑ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ባክህ አንተ ነህ» አለ ፕሮዲውሰሩ። «ዘፈኑን በሙሉ የዘፈንከው አንተ ነህ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ጩኸት ብቻ ነው በሌላ ልጅ ያስቀየርኳት። አራት ሰከንድ ብትሆን ነው።»

«እኔ የዘፈንኩት ለአራቷ ሰከንድ ብየ ነው።»

ከግድግዳው ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት በገበያ ቀን አያርፍም። ድምፁን እንዲያፍንልን ፍራሽ ያስደገፍንበት ግድግዳ ራሱ ይንቀጠቀጣል። አራታችንም መምህሩ በተከራያት አንድ ክፍል ውስጥ ነን። መምህሩ ጊታሩን ታቅፎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ፕሮዲውሰሩ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብቸኛዋን ወንበር ይዟል፤ ዲያቆኑ መሐል ወለሉ ላይ ቆሟል። እኔ ከበሩ አጠገብ ነኝ። የማንም ቤት ብገባ ከበሩ አጠገብ ነው የምቆመው።

«ደግሞ እኮ አጽድቃችሁታል» አለ ፕሮዲውሰሩ። አልተቆጣም። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ለእኛ ብሎ ፍኖተ ሰላም ላይ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ነው፤ ለመምህሩም የጊታር ክር ይዞለት መጥቷል። ስልኩን አወጣና ማንበብ ጀመረ። «‹የላኩልንን ሥራ በታላቅ ደስታ ተቀብለን አዳምጠነዋል። እጅግ ያማረ ሆኖ አግኝተነዋል። እጅዎ ይባረክ።› ይኼ ከእናንተ የመጣ አይደለም?»

መምህሩ ወደ እኔ አየ። ዲያቆኑ አላየኝም፤ ገና አልገባውም።

«መቸ ነው የተላከው?» አለ።

«ሦስት ሳምንት አልፎታል።»

«እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ያኔ ዞረ።

ያን ጊዜ አስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ኮፒ ከማድረጉ ይልቅ ማመልከቻ መጻፉ ይበዛል። የድንበር ክርክር ያለበት ገበሬ፣ ዝውውር የተከለከለ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሁሉም በርጩማውን ስቦ ይቀመጥና ንዴቱን ይነግረኛል፤ እኔ ንዴቱን ወደ «በትሕትና አመለክታለሁ» እለውጠዋለሁ። በዚህ ማንም አይደርስብኝም ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታቸው መሬት ገፍቶባቸው እየተንቀጠቀጡ የገቡ አዛውንት፣ የጻፍኩላቸውን ሳነብላቸው ከዘራቸውን ተመርኩዘው «ልጄ፣ ይኸማ እሱን ማመስገኛ ነው» አሉኝ። ሳቅሁ። ከዚያ በኋላም በዚያው አጻጻፍ ቀጠልኩ።

የተበላሸ ኮፒ አልጥልም፤ ጀርባው ላይ ግጥም እጽፍበታለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ቅኔ ቤት ወንዶቹ ይገባሉ፤ እኔ በአጥሩ በኩል ሳልፍ የሰማሁትን ይዤ ቤቴ ሄጄ በራሴ እሞክራለሁ። ደንበኛ ከሌለ ደጁ ላይ ቆሜ አውቶቡሶቹን አያለሁ። ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው ሲያልፍ ያን እከተላለሁ፤ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወርደው ሲመጣ ይህንን። ሰው እያናገረኝ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይደበድባል። እናቴ «አንችን ምን ነከሰሽ?» ትለኛለች። ምን እንደነከሰኝ አላውቅም። «አስፋልት» የሚለውን ግጥም የጻፍኩት ግን ያ የነከሰኝ ነገር እንደነከሰኝ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች እነዚህ ናቸው፦

መንገዱ ሄደ እኔ ቀረሁ፣ አስፋልቱ ጫማ አደረገ፤
ከተማው ተኝቶ ሳለ ልቤ ብቻ በረገገ።

መምህሩ ያገኘው በስሕተት ነው። የፊዚክስ ፈተና ሊያባዛ መጥቶ ከወረቀቶቹ መካከል አንዱን ከነጀርባው ሰጠሁት። በማግሥቱ ተመልሶ መጣና «ተማሪዎቼ አራተኛውን ጥያቄ ትተው ጀርባውን ሲያነቡ ነው የያዝኳቸው» አለኝ። የወሎ ሰው ነው፤ ሲመደብ ከአልጋ በፊት ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ነው ፍኖተ ሰላም የገባው። የሚወደውን ዓይነት ሙዚቃ በስልኩ አሰማኝ። ጫጫታ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር ሰማሁ። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ሲደበድብ የኖረው ይኸንን ነበር።

ዘፋኙንም ያገኘው እሱ ነው። ቡሬ ሄዶ ባጃጅ ተሳፍሮ ሳለ የእህል ጋሪ መንገድ ዘጋባቸው። ነጂው ጥሩንባውን መንካት ትቶ አንገቱን በጎን አወጣና ጮኸ። ባለጋሪው ብቻ ሳይሆን ፈረሱም ዞሮ አየ። መምህሩ እዚያው ወርዶ ስልክ ቁጥር ጠየቀው። ነጂው ከቡሬ ወጣ ያለ ገጠር የተወለደ፣ በልጅነቱ በድቁና ያገለገለ ነው። ድቁናውን ከተወ ቆይቷል፤ ቡሬ ላይ ግን ዛሬም «ዲያቆኑ» ነው የሚባለው። እኛም እንደዚያው አልነው።

መጀመሪያ በተገናኘን ቀን መምህሩ ጩኸቱን ድገምልን አለው። ዲያቆኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጮኸ። ከሆድ ይነሣል፤ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ቀጭን ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዱ እንደ ድንጋይ ናዳ ወደ ታች ይንከባለላል። ጎረቤት ያሉ ሴትዮ «ምን ሆናችሁ?» ብለው መጡ።

«ከየት ተማርከው?» አልኩት።

«የእኔ አይደለም፤ የአባቴ ነው» አለ።

በእነሱ አገር በቆሎው ማፍራት ሲጀምር ገበሬው ማሳው መሐል ማማ ይተክላል፤ በአራት ግንድ ላይ የቆመች የመጠበቂያ ቆጥ ናት። ዝንጀሮ ከገደሉ ሲወጣ ያየ ሰው ከማማው ላይ ይጮኻል። የጎረቤት ማሳ ጠባቂ ሰምቶ ይመልሳል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ይመልሳል፤ ጩኸቱ ከማሳ ማሳ እየተቀባበለ ወንዝ ድረስ ይወርዳል። የዲያቆኑ አባት ጩኸት የታወቀ ነበር። ሌላ ሰው ሁለት ጊዜ ጮኾ የማይመልሰውን ዝንጀሮ እሳቸው በአንዴ ይመልሱታል ይባል ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሯቸው ታሞ ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ዳኑ፤ ድምፃቸው ግን ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ ቀረ።

«አሁንም ማማው ላይ ይወጣል» አለ ዲያቆኑ። «ቆርቆሮ ይደበድባል። ዝንጀሮውስ ይሸሻል። ግን ለቆርቆሮ ማን ይመልሳል? ሰው ለሰው ነው የሚመልስ። ማማው ላይ ተቀምጦ ሲደበድብ ውሎ፣ አንድም ሰው ሳይመልስለት ይወርዳል።»



«መጨረሻው ላይ ይኸን ካስገባችሁልኝ እዘፍናለሁ» አለ። «ሌላ አልፈልግም። በቆሎው ሳይሰበሰብ፣ ማማው ሳይፈርስ፣ ዘፈኑን ይዠ ወጥቸ አሰማዋለሁ። የእሱ እንደሆነ ያውቀዋል።»

ተስማማን። ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ መምህሩ ራሱን ብቻ ነው የነቀነቀው።

የምንቀዳው መብራት ሲጠፋ ነበር። መብራት ካለ ወፍጮው አለ፤ ወፍጮው ካለ የምንቀዳው ወፍጮውን ነው። ስለዚህ ዲያቆኑ እሑድ እሑድ ከቡሬ ይመጣና ክፍሏ ውስጥ ተቀምጠን መብራት እስኪጠፋ እንጠብቃለን። ከተማው በሙሉ «አሁንም ሄደ!» ብሎ ሲያማርር እኛ ተሯሩጠን ማይኩንና ጊታሩን ላፕቶፕ ላይ እንሰካለን። የመምህሩ ላፕቶፕ ባትሪ ዐርባ ደቂቃ ነው የሚቆየው። በሩ ደግሞ ቆርቆሮ ነው፤ ደፉ ላይ ስለሚፋቅ ሲከፈትም ሲዘጋም ያቃስታል። ድምፅ ሳያሰማ ለመዝጋት እጀታውን ወደ ላይ ማንሣት፣ በትከሻ መደገፍ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መልቀቅ ያስፈልጋል። እኔና መምህሩ ብዙ ጊዜ እናበላሸዋለን። ዲያቆኑ አንድ ቀንም አላበላሸም። «ቅዳሴ መሐል በር የሚያንጓጓ ዲያቆን አይተሽ ታውቂያለሽ?» ይለኛል።

ጩኸቱን በአንድ ጊዜ ጨረሰው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች መምህሩ በዜማ ሳይሆን በንግግር እንዲሆኑ ስለፈለገ የተናገርኳቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የእኔ ድምፅ ተቀዳ፤ ቀጥሎ ዲያቆኑ በላዩ ላይ ጮኸ። ጮኾ ሲጨርስ ጉሮሮውን ይዞ ተቀመጠና ውኃ ጠየቀ። መምህሩ ደግመን እንያዘው አላለም።

መቅዳቱን እንችላለን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አንችልም። ከበሮውን የሚያስገባ፣ ጊታሩን የሚያወፍር፣ ሁሉንም አስማምቶ ዘፈን የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ላለ ሙዚቃ እንዲህ ያለ ሰው በአካባቢያችን የለም። መምህሩ ሮክ የሚወዱ ሰዎች በኢንተርኔት የሚጻጻፉበት ቡድን ውስጥ ጠይቆ ይህን ሰው አገኘ፤ አዲስ አበባ፣ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ለፈለገው ሁሉ በግሉ የሚሠራ። ሥራዎቹን ሰማን፤ ወደድናቸው። ተዋዋልን። መጻጻፉ በእኔ ላይ ወደቀ። «አንቺ እኮ የጽሑፍ ሰው ነሽ» አለ መምህሩ።

ፕሮዲውሰሩ መጀመሪያ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። ዘፈኑ ምን እንዲመስል ነው የምትፈልጉት፣ ምሳሌ የሚሆን ነገር ሁላችሁም ላኩልኝ አለ። መምህሩ ሦስት የውጭ ዘፈኖች ላከ። እኔ አንድ ላክሁ። ዲያቆኑ ቡሬ ላይ ተሳፋሪ እየጠበቀ ስደውልለት «የእኔ ምሳሌ አባቴ ነው። እሱ ደግሞ ስልክ ውስጥ የለም» አለኝ። «ስለ ማማው ጻፊለት። ጩኸቱ ለምን እንደገባ ይወቀው።»

«እሽ» አልኩት።

ጀመርኩት። «በቡሬ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች አርሶ አደሮች በቆሏቸውን ከዝንጀሮ ለመጠበቅ…» ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው የእህል ጉዳት ካሣ የሚጠይቅ ማመልከቻ ሆነ። አጠፋሁት። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ዝንጀሮው መጣ። የአዲስ አበባ ሰው፣ የሮክ ሰው፣ ስለ እኛ ምን ይላል? ይህን ሁሉ ትቼ «ድምፃዊያችን ለየት ያለ ድምፅ እንዳለው በትሕትና እንገልጻለን» የሚል ላክሁ። እሱም «እሺ፣ ደግሞ እርስዎ አትበይኝ፣ ሠላሳ አልሞላኝም» ብሎ መለሰ። እኔ ግን እርስዎ ማለቴን አልተውኩም።

የመጀመሪያው ሥራ ሲመጣ ከመምህሩ ጋር ማዳመጫውን አንድ አንድ ጆሮ ተካፍለን ሰማነው። ከበሮው ሲገባ ሁለታችንም ከተቀመጥንበት ተነሣን። የዲያቆኑ ጩኸት ግን ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ያህል ርቆ ነበር። ምስጋናዬን ጻፍኩ፤ ረጅም ምስጋና። መጨረሻው ላይ «ምናልባት የወንድማችን ድምፅ መጨረሻ ላይ ትንሽ ራቅ አለ እንዴ?» ብዬ ጨመርኩ።

ወደ ላይ የቀና አውራ ጣት ላከልኝ።

በእኛ አገር፣ ቤት የሠራልህን ሰው በሠራበት ቀን መርቀህ ትሸኘዋለህ። ጣሪያው ሲያፈስ የምትነግረው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም አንተ አይደለህም፣ የእሱን ዘመድ የሚያውቅ ሌላ ሰው ፈልገህ «እንዲያው ዝናቡ በረታሳ» ታስብለዋለህ። እሱም ይገባውና መሰላሉን ይዞ ይመጣል። እኔ «ራቅ አለ እንዴ» ስል መሰላሉን ይዞ ይመጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ከበሬታና ምርቃት ያለበት ደብዳቤ ደርሶት፣ ከሥሩ አንድ ጥያቄ አነበበ፤ ለጥያቄው አውራ ጣት በቂ ነው።

በሁለተኛው ጩኸቱ ቀረብ አለ፤ ግን ታጥቦ ነበር። ስንጥቁ ጠፍቷል። እንደገና አመሰገንኩ፤ «ድሮ ትንሽ ሻካራ ነበር መሰለኝ» አልኩ። ከዚያ ለተወሰኑ ቀናት ኢንተርኔት ጠፋ። ሲመለስ ሦስተኛው መጣ። በዲያቆኑ ጩኸት ቦታ የሌላ ሰው ጩኸት ገብቶበታል። ጥሩ ጩኸት ነው፤ ወፍራም፣ የተገራ፣ በውጭ ዘፈኖች ውስጥ የምንሰማው ዓይነት። የሚገባውም ስንኞቹ ካለቁ በኋላ ነው።

መምህሩ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ። «ይህ እሱ አይደለም» አለ።

«እነግረዋለሁ» አልኩ።

«ዛሬውኑ ንገሪው።»

«እሽ።»

መምህሩ የነገርኩት መሰለው። ዲያቆኑ በየሁለት ቀኑ ይደውላል፤ «እየተሠራ ነው» እለዋለሁ። «ፍጠኑ እንጅ፤ በቆሎው እየደረቀ ነው» ይላል። እኔ ግን ያን ቀን ከምሳ በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ሦስተኛውን ደጋግሜ ከሰማሁ በኋላ «እጅዎ ይባረክ» የሚለውን ጽፌ ልኬ ነበር። ምንም ጥያቄ አልጨመርኩበትም።

እናም ዲያቆኑ ወደ እኔ ዞረ።

«ስለ አባቴ ጽፈሽለታል?» አለ።

ወፍጮው እህል አልቆበት ለአፍታ ቀለል አለና እንደገና ከበደ።

«ስለ አባቱ ምን?» አለ ፕሮዲውሰሩ።

ዲያቆኑ ራሱ ነገረው። አሳጥሮ ነው የነገረው፤ ማማውን፣ ሕክምናውን፣ ቆርቆሮውን። ሲነግረው ፊቱን ከእኔ አላነሣም። ፕሮዲውሰሩ ላፕቶፑን ከጉልበቱ አንሥቶ አልጋው ላይ አኖረው።

«እኔ እኮ ማይካችሁ ተበላሽቶ መስሎኝ ነው» አለ። «እውነቴን ነው። ድምፁ ተሰነጣጥቆ ነው የመጣው። እነዚህ ልጆች ጥሩ ማይክ የላቸውም፣ ልርዳቸው ብዬ ጓደኛዬን ለምኜ ነው ያስጮህኩት። በነፃ ነው የጮኸላችሁ።»

«ማይኩ ደኅና ነው» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ። «እሱ ነው እንደዚያ የሚሰነጠቀው።»

«ታዲያ አንድ ሰው አይነግረኝም?»

«ነግሬሻለሁ» አለ ዲያቆኑ። ለእሱ ሳይሆን ለእኔ።

«ራቅ አለ እንዴ ብዬው ነበር» አልኩ። እንዴት እንደሚሰማ ራሴም ሰማሁት።

«‹እንዴ›?» አለ ዲያቆኑ። «አባቴን በ‹እንዴ› ነው የጠየቅሽለት? ለገበሬው ሁሉ ሦስት ገጽ ትጽፊ የለም እንዴ? ለእኛ ሲሆን ቀለም አለቀብሽ?»

መምህሩ ጊታሩን አስቀመጠና «እኔም ጥፋት አለብኝ። ነግራዋለች ብዬ ዝም አልኩ» አለ። ዲያቆኑ እጁን አወዛወዘበት፤ ዝንብ እንደሚያባርር።

ፕሮዲውሰሩ ሰዓቱን አየ። የደብረ ማርቆስ መኪና እንዳያመልጠው ይፈራል። ቢሆንም ላፕቶፑን መልሶ ከፈተ። «ጥሬው አለ። የላካችሁትን አላጠፋሁም። ዐሥር ደቂቃ ስጡኝ፣ አስገባዋለሁ። ለዚህ ነው የምትጣሉት?»

አስገባው። አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወንበሩ ላይ አደረገና እኛ ዙሪያዋን ቆምን። ዘፈኑ ሄደ፤ ከበሮው፣ ጊታሩ፣ የዲያቆኑ ዜማ። ከዚያ ሁሉም ነገር ዝቅ አለና የእኔ ድምፅ መጣ። «መንገዱ ሄደ» የሚለው ተሰማ። «እኔ ቀረሁ» የሚለው ላይ የዲያቆኑ ጩኸት ተነሣ። ከወፍጮው በላይ ወጣ። መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። አስፋልቱም፣ ጫማውም፣ የተኛው ከተማም፣ ልቤም ከጩኸቱ ሥር ቀሩ። የእኔ ከንፈር ብቻ ነው የሚያውቃቸው።

ፕሮዲውሰሩ አቆመው። «ይኸው ነው ችግሩ» አለ። «በመጀመሪያው ላይም ያራቅሁት ለዚህ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ወይ ግጥሙን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ወይ ጩኸቱን። ሁለቱ እኩል አይቆሙም። የትኛው ይሁን?»

መምህሩ ወደ እኔ አየ። ፕሮዲውሰሩም ወደ እኔ አየ፤ የሚጻጻፈው ከእኔ ጋር ነበርና። ዲያቆኑ ግን ወለሉን ነው የሚያየው። እየጠበቀ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ ቀላል ቃል። እግሬ ወለሉን መደብደብ ጀመረ። በበሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ በኩል የአስፋልቱ ጫፍ ይታየኛል፤ አንድ አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ሻንጣ እየጫነ ነው። ይህ ዘፈን ከከተማው የሚወጣ የእኔ የመጀመሪያ ነገር ነው። እኔ ካልወጣሁ እንኳ እነዚያ ሁለት ስንኞች ይወጣሉ ብዬ ነበር።

«ከስንኙ በኋላ ብናስገባውስ?» አልኩ። «ጩኸቱ እንዳለ ይሁን፣ ሙሉውን፣ ሳይታጠብ። የመጨረሻው ቃል ካለቀ በኋላ ግን ይጀምር። እንደ ሦስተኛው።»

«ይሆናል» አለ ፕሮዲውሰሩ። «ቆንጆ ይሆናል እንዲያውም።»

ዲያቆኑ ቀና አለ።

«ዝንጀሮ ቃልሽ እስኪያልቅ አይጠብቅም» አለ።

«ዘፈን እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እሱም ያውቃል፤ ዘፈን ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ተፈቅዶለት እንደተጮኸ ሲሰማ ግን የእሱ አይመስለውም። እሱ አንድም ቀን ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ቆይቶ አልጮኸም።» ከዚያ ጨመረ፤ «ሦስተኛውን የወደድሽው ለዚህ ነው።»

ጥያቄ አልነበረም። ክርክር ውስጥ የሚያድነኝ ብዙ ቃል አለኝ፤ ለሰው ሁሉ የማውሰው። ለራሴ ግን እውነቱን ብቻ ተናገርኩ።

«ስንኞቹ እንዲሰሙ ፈልጌ ነው» አልኩ። «ከእነሱ ሌላ የለኝም።»

«አምንሻለሁ» አለ ዲያቆኑ። ድምፁ ለስልሷል፤ ከቁጣው ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው። «እሱም ሌላ የለውም።»

መምህሩ ተነሣ። «እንደገና እንቅዳው። የሚመጣው እሑድ መብራት ሲጠፋ አዲስ እንይዛለን፣ ቦታውን አስፍተን…»

«የሚመጣው እሑድ በቆሎው ይሰበሰባል ቲቸር። ደቦ ተጠርቷል።» ዲያቆኑ ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ለፕሮዲውሰሩ ዘረጋለት። «ጥሬውን ስጠኝ። ጩኸቱን ብቻ።»

«ብቻውን? ከበሮ የለው፣ ጊታር የለው፣ ምን ያደርግልሃል?»

«እሱ ሲጮኽስ ምን ከበሮ ነበረው?»

ፕሮዲውሰሩ ሽቦውን ሰክቶ ላከለት። ዲያቆኑ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ ሰማው፤ ፊቱን እንደ መጀመሪያው ቀን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ከዚያ ለፕሮዲውሰሩ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጠው፤ «ስለደከምክ እግዜር ይስጥልኝ» አለው። መምህሩን ትከሻውን መታ አደረገው። እኔ ከበሩ አጠገብ ስለነበርኩ ለማለፍ እኔ ዞር ማለት ነበረብኝ። ዞር አልኩ።

«ከመውጫው መኪና አታጣም፣ ገበያ ነው» አልኩት። ከሁሉ ቃል ይህ ነው የመጣልኝ።

«አላጣም» አለ።

ወጣ። ወፍጮው በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ ነበር፤ በሩን ቢወረውረውም ማንም አይሰማውም። እሱ ግን እጀታውን ወደ ላይ አነሣው፣ በትከሻው ደገፈው፣ ስንቀዳ እንደሚያደርገው ያለ ምንም ድምፅ ዘጋው።